ጎባ ዋና ከተማ ሳለች

ይህን የማወራው ልጆቹ ይንገሩን ስላሉኝ ነው፤ ባይሉኝም ትናንት ከሰማሁት በኋላ ዝም የምል አልነበርኩም። የልጅ ልጆቼ እዚህ ሮቤ፣ ሳሎን ተኮልኩለው፣ በትንሽ ገንዘብ የት ሄደን እንዋል እያሉ ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔ ለመንገድ ይሆናቸዋል ብዬ የጭኮውን ዕቃ ስከፍት፣ በቅቤ የታሸው የገብስ ዱቄት ከነኮረሪማው አፍንጫዬን ሞላውና ሳላስበው «ለምን ጎባ አትሄዱም?» አልኳቸው። ትልቋ ሳቀች። «እማማ ደግሞ! ጎባ ምን የሚታይ አለና? በታክሲ ውር ውር የምንልባት አይደለች እንዴ! እስቲ እርስዎ ምን አይተውባት ነው? ይንገሩን።» እሺ፣ እነግራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩምና እኔ ሳወራ የምትጽፈው ያቺው የሳቀችው ናት፤ ቅጣቷ ነው።

በልጅነቴ የባሌ ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። እኛ ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ ከስንዴና ከገብስ ሌላ ምንም በማይታይበት ሜዳ ላይ ነበር የምንኖረው፤ አባቴ ለክስ ወይም ለግብር ጎባ ደርሶ ሲመለስ፣ እግሩን እያጠብኩ የምሰማው ወሬ፣ ያለ ዘይት ስለሚበራው መብራት፣ ከሰማይ ስለሚወርደው አውሮፕላን የሚያወራው ሁሉ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ውሰደኝ ስለው ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ባልሽ ያሳይሻል።» ባል የተባለውም አልጠፋም፤ ከእኩዮቼ ጋር ገበጣ ስጫወት የምውል ልጅ ሆኜ ሳለሁ፣ ጢሙ መሸበት ለጀመረ ባለብዙ በሬ ሰው ታጭቼ፣ ጥር እስኪገባ ብቻ ነበር የሚጠበቀው።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ በላይነሽ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ቤቷም ከቤታችን ጎን ነው። አንድ ማለዳ ጭኮ በጨርቅ ቋጥራ፣ ዘንጓን ይዛ መጣችና «ልጅቷን ዛሬ ጎባን ላሳያት ነው» አለችው። አባቴ ደነገጠ። «ሴት ልጅ ከተማ ውስጥ ምን አላት?» «ዓይን አላታ!» ብላው እጄን ይዛ ወጣች። ከኋላችን ጮኸ፤ ታላቅ እህቱን መድፈር ግን አልቻለም።

ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት እያራሰው፣ የሳነቴ ተራራ ከፊታችን ጉም ተከናንቦ እያየን፣ ስንሄድ ስንሄድ ቆርቆሮዎቹ በፀሐይ ብልጭ ሲሉ ታዩ። አክስቴ ጎባን እንደ ጓሮዋ የምታውቃት ትመስል ነበር። የማትነግረኝ ነገር አልነበረም፤ ወፍጮ ቤቱ ሲያጓራ «አውሮፕላኑ የሚያድረው እዚህ ነው፤ ስትሰሚው ያንኮራፋል» አለችኝ፣ የስልክ ሽቦው ላይ ወፍ ብታይ «ወሬ እያደመጠች ነው» አለች። አንድ ሱቅ ገብተን በጠራራ ፀሐይ የሚበራ አምፖል ስናይ፣ ዘንጓን ተደግፋ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ እፍ አለችበት። ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እፍ ቢሉት አይጠፋም እኮ!» «አውቃለሁ፤ እንደማይጠፋ ለልጅቷ ላሳያት ብዬ ነው» አለችው፣ ሳትሽኮረመም።

ገንዘብ የሚባል አልያዝንም። አክስቴ ግን በእጇ ያልያዘችውን በምላሷ ይዛ ነበር። የገዢው ግቢ በር ላይ ዘበኛው ጠመንጃውን አጋድሞ ሲያቆመን፣ የገጠር ልጅ መሆኑን ከፊቱ አነበበችና በኦሮምኛ ሰላምታዋን ጀመረች፦ «አካም ጂርታ? ነጋ? ወሪ ነጋ? ሎን ነጋ?» ደህና ነህ፣ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ ገብሱስ፣ ዝናቡስ እያለች። በኛ አገር ሰላምታን መሀል ላይ መቁረጥ ነውር ነው፤ እሱም «ነጋ፣ ነጋ» እያለ ይመልሳል፣ እሷ አንድ እግሯን ታስገባለች፤ ወደ እናቱ ጤና ሲደርሱ እኛ ግቢው ውስጥ ነን። አበባው፣ ጥድ ዛፉ፣ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለው ሣር! አክስቴ ሣሩን ብቻ አይታ ተቆጣች። «ይህን ሁሉ ላም ሳይበላው! የሚመክራቸው ዘመድ የላቸውም እንዴ?» ዘበኛው ሳቁ አምልጦት ሸኘን።

ጭኳችንን በልተን፣ ከቶጎና ወንዝ ውሃ ጠጥተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ደረስን። ሰዎች ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ፤ ሰማዩ አጓራ፣ እኔ ከአክስቴ ነጠላ ሥር ገባሁ። ቀና ስል ከዚያ ከብረቱ ሆድ አንዲት ሴት ወረደች፤ ጥቁር ጫማ፣ የእጅ ቦርሳ፣ ከፊቷም ከኋላዋም ወንድ የሌለ። ዣንጥላዋን ዘረጋችና በጭቃው መሀል ደረቷን ነፍታ ወደ ከተማው ሄደች። እስክትሰወር አየኋት። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አየሻት? ማንም አልሰጣትም፤ ራሷ መጣች» አለችኝ።

ማታ ቤት እንደደረስን፣ አባቴ ሳይቆጣኝ ቀድሜ «አላገባም» አልኩት። አርጩሜውን ሲያነሣ አክስቴ መሀላችን ገብታ ቆመች፤ «መጀመሪያ እኔን» አለችው። ሽማግሎቹ ተመላለሱ፣ አባቴ ወር ሙሉ አላናገረኝም፣ የሰርጉ ጠላ ግን አልተጠመቀም። ኋላ የወደድኩትን አገባሁ፤ እግሬም ከዚያ ወዲያ አላረፈም፤ ለንግሥ ሄጃለሁ፣ ሃረና ጫካ ቡና ለቅሜያለሁ፣ ክርስቲያን ሆኜ ሙስሊሞች እስከሚሳለሙት ሼክ ሁሴን ድረስ ከነጋዴዎች ጋር ተጉዣለሁ።

ዛሬ ቢሮው ሁሉ ወደ ሮቤ ወርዷል፤ የዱሮዎቹ ቆርቆሮዎች ዝገዋል፣ ያ ሜዳ የት ጋ እንደነበር ለማሳየትም ግራ ይገባኛል፤ ሰላምታውም አጥሯል፣ ዛሬ ዘበኛ «መታወቂያ» ይላል እንጂ ስለ ላሜ አይጠይቀኝም። ይህ ሁሉ መሄዱን አልክድም። ግን ጎባ ምን አላት ለሚለኝ፦ የባሌ ዋና ከተማ ናት፤ ዋናነቷ በማኅተም ቢነሣባት፣ በእኔ ዓይን አይነሣባትም!

አክስቴ ዕድሜ ጠግባ ባረፈች ጊዜ፣ ለቅሶዋ ላይ አብራት ያደገች አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀምጣ ስለዚያ ቀን ነገረችኝ። ባሏ ለካ በኖረበት ዘመን ሁሉ «መኸሩ ይለፍ፣ ጎባን አሳይሻለሁ» ሲላት ኖሮ ሳያሳያት ነው የሞተው፤ እሷም መንገዱን ከገበያተኞች ጠይቃ ጠይቃ አጥንታው ኖሯል። ያን ቀን አክስቴም ጎባን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።