ባለ ማሊያው

ዘንድሮ ክረምት የደረሰብኝ ነገር እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ሳሪስ አቦ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁትን ባለ መስመር ማሊያ ለብሼ ቃሊቲ ስደርስ ዝናብ ጣለና፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ኳስ የሚያሳዩበት ቤት ዘው አልኩ። እግር ኳሱ እረፍት ላይ ስለሆነ የሚታየው ራግቢ ሊግ የሚሉት፣ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነበር። ከተጫዋቾቹ ግማሾቹ የኔን ማሊያ ለብሰዋል!

«ደጋፊው መጣ! ቦታ ልቀቁለት!» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

አላውቅም እንዳልል አፈርኩ። ኳሱን ወደ ኋላ እየወረወሩ ወደ ፊት ይሮጣሉ። አንዱን ጥለው ይከመሩበታል፣ ዳኛው ዝም! መላ ቅጡ ሲጠፋኝ ጋሽ ሰይድን በጎን እያየሁ፣ እሳቸው ሲነቃነቁ መጮህ ጀመርኩ። ቤቱም አብሮኝ ይጮሃል። እንዲህ እያልን የክለባችንን ውድድር ክረምቱን ሙሉ ተከታተልን።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ፤ ከተሸነፍን ከሊጉ እንወርዳለን። ቤቱ ጢም ብሏል። የኔም ልብ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ድው ድው ይላል። ድንገት ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አነሱ። ተስፈንጥሬ ተነሳሁና «አገባን!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በጭፈራ ተናወጠ።

ቀና ስል፣ ስክሪኑ ላይ እየተቃቀፉ የሚዘሉት ተጋጣሚዎቻችን ናቸው። የኛዎቹ መሬት ላይ ተዘርረዋል።

«ጋሼ፣ ታዲያ እጅዎን ለምን አነሱ?»

«ሻይ አምጡልኝ ልል ነዋ!» አሉ ግራ ተጋብተው። «ወላሂ፣ እኛ እኮ ክረምቱን ሙሉ የምንጮኸው አንተን እያየን ነው!»