ማጭዱን ጥሎ የሄደው ይርጋ

ይርጋ ቁጡ ሰው ነበር። ራሱም አይክድም፤ ካረጀ በኋላ እንኳ «የኔ ንዴት ከኔ ቀድሞ ነው የሚነሳ» እያለ ይስቅ ነበር። ይህን ታሪክ ግን ሳይስቅ ነው የሚያወራው።

በ1951 ዓ.ም. ላስታ ላይ ውርጭ ገብሱን በላበት። ሚስቱን አስካለንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ማሽላ ሊያጭድ ወደ ቆቦ ወረደ። ደመወዙ በእህል ነው፤ ባዶ እጁን ቢመለስ ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የለም።

የቀጠረችው ኡሙሃኒ የምትባል ሙስሊም ባልቴት ናት። ከእሱ በቀር አጫጆቹ ሁሉ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሲሰግዱ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ሙቀቱ አስጨነቀው፣ ተቀምጦም ተነሥቶም አልሆን አለው። አገሩ ሳለ ቀኑን የሚነግረው የደብሩ ደወል ነበር፤ ደወል በማይሰማበት በዚህ ማሳ ግን ቀን ጠፋበት። «ማተቤን የሚያውቅልኝ በሌለበት አገር ሃይማኖቴ አልቆ ልቀር ነው» እያለ ይብሰለሰላል፤ አሥሬ አንገቱን ይዳብሳል።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ኡሙሃኒ በቅል ወተት ይዛ ማሳው ድረስ መጣች። ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ይርጋ እጁን ሲዘረጋ ቅሉን ወሰደችና የሽንብራ ንፍሮና ውሃ ሰጠችው።

ደሙ ፈላ። «ለካ የክርስቲያን አፍ ዕቃ ያረክሳል!» ብሎ ውሃውን ደፋው። ማጭዱን ጣለ፤ የሦስት ቀን ድካሙንም ትቶ ሄደ። «ኧረ ይርጋ፣ ምን ሆንክ?» እያለች ብትከተለው ዞሮም አላያት።

ቆቦ ከተማ ድረስ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አደረ። ጧት ቄስ ደሳለኝን አገኘና ሆዱን ዘረገፈላቸው። «በሰው አገር እንደ ውሻ ተቆጠርሁ፣ አባ። ባዶ እጄንም ቢሆን አገሬ ልግባ።»

«ትናንት ምን ቀን ነበር?» አሉት።

ይርጋ በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው።

«ረቡዕ ነበር፣ ልጄ። ወተቱን የነፈገችህ ጾምህን ጠብቃልህ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «ስግደት ይዘዙኝ፣ አባ። ሁለት መቶም ቢሆን ልስገድ።»

«ስግደቱ ለአንተ ቀላል ነው። ይልቅ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት።»

በመንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ፤ እግሩ ወደ ላስታ ይጎትተዋል። ምን ብሎ አፉን እንደሚከፍት ሳያውቅ ኡሙሃኒን ከፊት ለፊቱ ስትመጣ አያት። ራሷ ላይ አዲስ የሸክላ ድስት ተሸክማለች።

«እትዬ ኡሙሃኒ፣ ይማሩኝ» ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል በአንድ እጇ ክንዱን ያዘችው።

«እኔን ማረኝ እንጂ፣ ወንድሜ! ወላሂ፣ ሳስብ ነው ያደርሁት። ንፍሮውን የቀቀልሁበት ድስት ቅባት ነክቶት ይሆናል፣ ጾም አስገድፌው ነው የተቆጣ አልሁ። ይኸው፣ ላንተ ብቻ የሚሆን ገዛሁ።»

ይርጋ ድስቱን ከራሷ ላይ ተቀብሎ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ማሳው ሄደ። እንባውን የሚያብስበት እጅ አልነበረውም።