የአባቴ ጉጠት

ቶርኖው፣ ያ የብረት መቅረጫ ማሽኔ፣ ከቤቴ አይወጣም። የጓሮዋን ክፍል ግድግዳ ያስመረግሁት ማሽኑ ከገባ በኋላ ነው፤ በሩን ያሠራሁት ለሰው እንጂ ለማሽን አልነበረም። ባሕር ዳር ሄጄ ልሥራ ባልኩ ቁጥር ሚስቴ በሩን በዓይኗ ትለካና ትስቃለች። እኔን አያስቀኝም።

የፍኖተ ሰላም ሰው «ኢንጂነር» ይለኛል። የወፍጮ ዘንግ አስተካክላለሁ፣ የተበላ የጊር ጥርስ እሞላለሁ፣ ዝገት የጨረሰውን ሞርሳ አዲስ አደርጋለሁ። አባቴ ከቡሬ ወዲያ ባለ ገጠር ቀጥቃጭ እንደነበር ግን ከሚስቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው በሚባልበት አገር፣ የቄስ ልጅ አግብቼ፣ በምን አፌ ልናገር? አባቴ ሲሞት የወረስኩትን ጉጠት ዝገቱን አራግፌ፣ የላላውን መገጣጠሚያ አጥብቄ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በጆንያ ጠቅልዬ ከቶርኖው ስር ደበቅሁት። ብጥለው ይሻለኝ ነበር፤ አልቻልኩም።

ዘንድሮ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሲሆነው አማቴ ከማንኩሳ መጡ። ቄስ ቢሆኑም እንደ ማንም ገበሬ ያርሳሉ። የማረሻቸው ጫፍ ተሰብሯል። መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው፤ መንገድ በመዘጋቱም ገበያ ላይ አዲስ ማረሻ የለም።

«መብራት ሲመጣ እበይድልዎታለሁ፣ አባ» አልኳቸው።

«መሬቱ መብራት አይጠብቅልኝም እኮ ልጄ። እርጥበቱ ሳይጠፋ እርሻውን መድገም አለብኝ። አንተ የተማርህ ነህ፤ እሳት አያቅትህም።»

መውጫ አጣሁ። እምቢ ብል እርሻቸው ሊያልፍባቸው ነው፤ እሺ ብል እጄ ሊያሳብቅብኝ ነው። እሺ አልኩ።

ከሰል አቀጣጥዬ ከአሮጌ ብስክሌት በሠራሁት ማራገቢያ አራገብኩት። ማረሻው ሲቀላ ፒንሳ አነሣሁ፤ አጭር ነውና እጄን ጠበሰኝ። ተናድጄ ጆንያውን ጎተትኩና ጉጠቱን አወጣሁ። ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ብረቱን ከመምታቴ በፊት መቀጥቀጫ መስፍ ያደረግሁትን የብረት ቁራጭ በመዶሻ በባዶው ሁለት ጊዜ መታሁት። አባቴም እንደ አገሩ ቀጥቃጭ ሁሉ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እኔ ማድረጌን ያወቅሁት ድምፁን ስሰማ ነው። ቀና ስል አማቴ እጄን እያዩ ነበር።

ጫፉን አሹዬ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ አቀረብኩላቸው።

«ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩህ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ጎሽ» አሉ። ማረሻውን የተቀበሉኝ ግን እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ነው።

ሚስቴ እንደ ወትሮው ጠላ ቀድታ መጣች። አንድም ቀን ሳይቀምሱ ከቤቴ ወጥተው አያውቁም። ጣሳውን አዩ፣ እሷን አዩ፤ እኔን አላዩኝም።

«ይቅርብኝ ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ» አሏትና ወጡ።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም እንደሌለ ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። ልጃቸውንም ገና በልጅነቷ አስተምረዋታል። ጣሳውን እንደያዘች የቶርኖው ክፍል በር ላይ ቆማ፣ አባቷ ከመንገዱ እስኪጠፉ አየቻቸው።

«ይህን በር ለማስፋት ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ።