ማሽንን ሰላምታ ያስተማረው ወንድሜ

ወንድሜን መሥሪያ ቤት «ሽቦ» ይሉታል። ቀጭን ስለሆነ ይሁን ዕድሜ ልኩን ሽቦ ሲልጥ ስለኖረ አላውቅም። እኔ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ሰሞኑን ግን «ጋሼ» ስል አፌን ይመረኛል።

እሱ መሐንዲስ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ኮምፒውተርና ማተሚያ ሆድና ጀርባ ነበሩ። ሁሉም የየራሱ ሶኬት፣ የየራሱ ገመድ ነበረው። አንዱን ካንዱ ለማገናኘት ክዳን መፍታት፣ ጥቃቅን ማብሪያዎችን በእርሳስ ጫፍ መግፋት፣ አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያ በኋላ መጸለይ ነበር። ጋሼ በዚህ ሲናደድ፣ መፍትሔው የመጣለት ከእናታችን ነው። እማዬ ያኮረፈቻትን ጎረቤት እንኳ በር ላይ ካገኘቻት «እንደምን ዋልሽ» ሳትል አታልፍም። ለምን ስንላት «ሰላምታ የእግዜር ነው፤ አይነፈግም» ትለናለች። ታዲያ ጋሼ ማሽኖቹም ከወሬ በፊት ለምን ሰላም አይባባሉም ብሎ ተነሣ።

የምስር ፍሬ የምታህል ቺፕ ሠርቶ የገመዱ ሶኬት ጭንቅላት ውስጥ ከተታት። ገመዱ ሲሰካ ማሽኑ መጀመሪያ «ማን ልበል?» ብሎ ይጠይቃል። ቺፗ ማንነቷን ትናገራለች፣ በምን ፍጥነት እንደሚያወሩ ይስማማሉ፣ ሥራ ይጀመራል። ስሙንም «ሰላምታ» አለው። እማዬ ጮቤ ረገጠች። «ልጄ ግዑዝ ነገር ሰላም አስባለ» እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። ስልክ ሲደውልላት ድምፁን እያወቀች «ማን ልበል?» ትለዋለች፤ እሱም «ማተሚያው ነኝ፣ እማዬ» ይላታል። ከዚያ ሁለቱ ይንከተከታሉ። እኔም እስቅ ነበር፤ አልዋሽም።

ሲያልቅ አያምር ይባል የለ። ሹመት መጣ፣ ክራቫት መጣ፣ ከክራቫቱ ጋር ደግሞ ሲናገር መዳፉን የሚያሽ አለቃ መጣ። እኛ ቤት አንዴ ምሳ በልቷል፤ የጨበጠኝን እጄን ሁለቴ ታጥቤያለሁ። ይህ ሰው ማሽኑ የፋብሪካውን ገመድ ብቻ እንዲቀበል፣ ሌላ ሰው የሠራውን ግን እንዳያናግር አድርግ አለው። ጋሼም አደረገ። የነገረን እዚያው ምሳ ላይ፣ አጥንት እየጋጠ ነው።

«ሌላው ገመድ ሲሰካ ታዲያ ምን ይለዋል?» አለች እማዬ።

«ምንም አይለውም። ዝም ነው።»

«ሰላምታ ይነፍገዋል?»

«ለደንበኛው ደህንነት ነው እኮ፣ እማዬ። ንግድ ደግሞ እንዲህ ነው።»

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አለቃው መዳፉን አሸ።

ሰዎች ግን ብልሆች ናቸው። ያረጀ ሶኬት ፈልቅቀው ቺፗን እያወጡ ሌላ ገመድ ላይ መትከል ጀመሩ። ጋሼ ለዚህም መላ አላጣም፤ ሶኬቱን የሚሞላ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ጥቁር ሙጫ አመጣ። ሶኬቱን የከፈተ ቺፗን ይሰብራል። በዚህ የብርጭቆ ሽልማት ተሰጠው። እማዬ ልጄ ነው ብላ መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ ግን አቧራውን ጠርጌለት አላውቅም። ዝንብ እንደፈለገ ይኮሳበታል።

ከዚያ የእማዬ ሳንባ ደከመ። እኔ ጋ ገባች፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋዋ አጠገብ የትንፋሽ ማሽን ተቀመጠ። ከፊቷ ጭንብል የሚወጣ ቀጭን ገመድ አተነፋፈሷን ለማሽኑ ይነግረዋል። ማሽኑ የጋሼ ፋብሪካ ሥራ አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች ግን «ሰላምታ»ን ከነሙጫው ገዝተው ከተውበታል። ባለፈው ሳምንት ያ ገመድ ሶኬቱ አንገት ላይ ተልጦ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። የሸጡልን ሰዎች ጋ ብሄድ «የዚህ ሞዴል ገመድ ማምረት ቆሟል፤ አዲሱን ማሽን ይግዙ» አሉኝ። መንገድ ዳር ያለው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ተመሳሳይ ገመድ ሰጠኝ።

«ማሽኑ ላይቀበለው ይችላል፣ እህቴ» አለኝ። «ይህን የሠራውን ሰውዬ እጁን ይቁረጠው!»

«አሜን» አልኩ። ከልቤ ነው።

ቤት ስደርስ አሮጌው ገመድ ጨርሶ ጠፍቷል። አዲሱን ሰካሁት። ቀይ መብራት፣ ከሥሩ «ያልታወቀ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ፤ ማሽኑ ጸጥ። የእማዬ ከንፈር መጥቆር ጀመረ። አምቡላንስ ጠራሁ፣ ጋሼንም ጠራሁ። ቢሮው ከታች መንገዱ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው።

«የድሮውን ጭንቅላት ቆርጬ አዲሱ ላይ እበይደዋለሁ፤ አትደንግጪ» ብሎ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ምላጩን አነሣ። ሶኬቱን ሲነካው እጁ ቆመ።

«ሙጫው» አለ።

«ያ የተሸለምክበት ሙጫ?»

ከቢሮው ያመጣውን መበየጃ አግሎ ጥቁሩን ነገር ያቀልጥ ገባ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ የተቃጠለ ፀጉርና ጎማ ይሸታል። እማዬ ማዶ ክፍል ትንፋሽ አጥታ ታጣጥራለች፣ ልጇ እዚህ ላቡን በክራቫቱ ይጠርጋል። ሽታው ይሁን እሱ እንጃ፣ እቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሼ አስመለስኩ። ቀና ስል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ተሰበረች» አለ።

«እንድትሰበር አይደል የሠራሃት?»

የአምቡላንሱ ሰዎች እማዬን በቃሬዛ አወረዷት። ሐኪሞቹ ደረሱላት፤ ተመስገን። ማታውን ነፍስ ስትዘራ ማሽኑ ለምን እንደቆመ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ሙጫውንም አላስቀረሁም።

ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ተላጭቶ፣ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣ። ሙጫው ጥፍሩ ሥር ገና አልለቀቀም፤ ያን ብርቱካን በእጄ አልቀበልም አልኩ።

«ደህና አደርሽ፣ እማዬ?» አላት።

ዓይኗን ገልጣ አየችው። ጭንብሉን በጣቷ ከፍ አደረገች።

«ማን ልበል?»

ፊቱ በራ። «ማተሚያው ነኝ፣ እማዬ» አለ፣ ለመሳቅ እየተዘጋጀ።

እማዬ አልሳቀችም። ላኮረፈቻት ጎረቤት እንኳ ሰላምታ ነፍጋ የማታውቅ ሴት ጭንብሉን መለሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።