ለጫንጮ ጭቃ የመረጥኩት ጎማ

…አምና ክረምት ጫንጮ ላይ ጭቃው ላንድሮቨሩን እስከ ሆዱ ሲውጠው ጢሰኞቹ ዳር ቆመው ያዩን ነበር። ሊገፋ የመጣ የለም፤ የሳቀም የለም፤ እኔም…

ለማንኛውም ዛሬ ሱሉልታ ወርጄ አዲስ ጎማ መረጥኩ።

የጫንጮው ባለርስት ጸሐፊ ነኝ። ጌታዬ ትራክተር ገዝተዋል፤ ጢሰኞቹ መሬቱን እንዲለቁ የሚያዘውን ወረቀት በዚህ ክረምት የማደርሰው እኔ ነኝ።

ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀውን ወሰድኩ፤ ጭቃ አይሞላበትም፣ እየተፋ ያልፋል። አስፋልት ላይ ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳል አሉኝ ሻጮቹ። እንቅልፍ ድሮስ መቼ ነበረኝ።

ጎማ የሚቀይሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ ጣታቸውን በጥርሶቹ መሃል አስገብተው ለኩ።

«ይሄ የት ሊሄድ ነው?»

«ጫንጮ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ሥራ አለን፣ ኦቦ።»

«ሥራችሁንማ አውቃለሁ። እህቴ ከጢሰኞቹ አንዷ ናት። ገብሷ እስኪደርስ ጭቃው ያቆማችኋል ብዬ ነበር።»

«እኔ የታዘዝኩ ሰው ነኝ፤ አይፍረዱብኝ።»

«ጎማውን የመረጥከው ግን አንተ ነህ። አይደለህም?»

እንዲህ ተጠይቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምን እንደመለሳችሁ ጻፉልኝ። ኦቦ ቶሎሳ ጎማዎቹን ሳይገጥሙ አንድ በአንድ ወደ ውጭ አንከባለሉና በሩን ዘጉት።