የማይሟሟው ዝሆን

ነገሩ በገንዘብ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ፈጅቶብኛል። ከገንዘብ ውጭ ያለውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ እዚሁ ከዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው። የማልረሳው ስለከሰርኩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከስሬ አውቃለሁ። ዕቃዬ ጠንካራ ነው ተብዬ የተሰደብኩት ግን ያኔ ብቻ ነው።

በሱቄ ሻንጣ፣ አንሶላ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የተገኘውን ሁሉ እሸጣለሁ። አከራዬ ቪክራም የሚባል ሕንዳዊ ነው። ኮንትራቴ የሚያልቀው በሴፕቴምበር መጨረሻ ነበር። ከጎኔ ቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ ግድግዳውን አፍርሶ ሱቄን ሊጠቀልል ፈልጎ ከኔ የበለጠ ኪራይ አቅርቧል። ቪክራም «አስብበታለሁ» ብሎኛል። አከራይ አስብበታለሁ ሲል ምን እንደሚያስብ ተከራይቶ የኖረ ያውቀዋል።

የሕንዶች በዓል እንደደረሰ የገባኝ ደንበኞች የዝሆን ራስ ያለውን አምላካቸውን፣ የጋኔሽን ሐውልት አለህ ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ ነው። ዴንቨር ውስጥ ሊዘጋ የተቃረበ የስጦታ ዕቃ መደብር ነበር። ሄጄ ያለውን ጋኔሽ በሙሉ ጠቅልዬ ገዛሁ። ከጄሶ የተሠሩ፣ ቀለም የተቀቡ፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቁ።

ባለቤቴ ፀሐይ መደርደሪያው ላይ አየቻቸው።

«ማተብ ያሰረ ሰው ጣዖት ይቸረችራል?»

«እኔ አልሰግድለትም፤ እሸጠዋለሁ እንጂ።»

«ይሁዳም ያለው ይሄንኑ ነው» ብላ በሩን አላትማ ወጣች።

በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ መኮንን፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «እንዴት ነው፣ አማልክቱ ይሸጣሉ?» አሉኝ። «ከእርስዎ ጸሎት የተነሳ ደህና ነው» አልኳቸው። አልሳቁም።

ይሸጡ ነበር። አንዳንዱ ገዢ «ከሸክላ አፈር ነው?» ይለኛል። «ከአፈር ይሻላል!» እላለሁ። አንዱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬ ዓይኑ እያየ አወጣለታለሁ። «ተመልከት፣ ውሃ አይበግረውም። ለልጅ ልጅህ ይተርፋል።» ወጣቶቹ ይስቃሉ፣ ይገዛሉ። ቪክራምም መጣ። እናቱ ከሕንድ መጥተዋል፤ በዓሉን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲያከብሩ የመጀመሪያቸው ነው። ትልቁን መረጠ። በነፃ ሰጠሁት። ነፃ ስል ለኮንትራቱ ብዬ ነው።

በዓሉ ባለቀ ማግስት ቪክራም ደወለ። «አሁኑኑ ቤቴ ና።» ሊያስፈርመኝ መስሎኝ ሸሚዝ ቀይሬ ሄድኩ።

ጓሮው ውስጥ የልጆች የፕላስቲክ መዋኛ ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ የኔ ዝሆን ቁጭ ብሏል። ውሃው ቀለም በቀለም ሆኗል፤ እሱ ግን ከጆሮው ጫፍ እንኳ አልጎደለም። አጠገቡ እናትየው ከሳሪ ቀሚሳቸው ላይ ሹራብ ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም አልኳቸው። ለልጃቸው በቋንቋቸው የሆነ ነገር አሉት።

«የሰጠህ እሱ ነው ወይ ትለኛለች» አለ ቪክራም።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ገና እየኮራሁ።

ከዚያ በኋላ አሮጊቷ ሲናገሩ እሱ ሲተረጉም፣ የትኛው የእሳቸው ቁጣ የትኛው የእሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ጋኔሽ እንግዳ ነው። ከአፈር ይሠራል፣ ቤት ይገባል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ይዘመርለታል። ቀኑ ሲደርስ በውሃ ይሸኛል። ሟሙቶ ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ የቤቱን እንቅፋት ይዞ ይሄዳል። መልኩ ይጠፋል፣ መልክ የሌለው ይቀራል። ልጆቹ ማየት ያለባቸው ያንን መጥፋቱን ነው። ያ ከሌለ በዓል የለም።

«ያንተ ግን አልሄድም ብሏል» አለ ቪክራም። «ልጄ ዛሬ ጠዋት ምን አለች መሰለህ? ‹አምላክ ውሃ ውስጥ ተጣብቋል›። እናቴ ይህን ልትሰማ ነው ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችው?»

ቸርቻሪ ዝም ማለት አያውቅም። «ታዲያ በመዶሻ ልስበረው?» አልኩ።

ቪክራም አልተረጎመውም። መተርጎምም አላስፈለገም፤ እጄ አየር ላይ መምታት ጀምሯል። አሮጊቷ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እንደዚያ ያለ ዓይን ያየሁት መርካቶ ሌባ ሲያዝ ነው።

«ያመጣኸው አንተ ነህ። ሸኘው» አሉኝ። በእንግሊዝኛ። ለካ ይችላሉ።

ቪክራም ጨመረበት። «ሳትሰብር። ውሃውንም ፍሳሽ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ዛፍ ሥር አፍስሰው። ከዚያ ስለ ኮንትራቱ እናወራለን።»

ዝሆኑን መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩለት። ፀሐይ ቤት እንደማይገባ አስቀድማ ነግራኛለች፤ ሱቅ ወስጄ ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። በዚያው ሳምንት የሸጥኳቸውም እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። አንዱ ወጣት ገንዘቡን መልሶ ከተቀበለ በኋላ «ቤኪንግ ሶዳ ጨምርበት፣ ጄሶን ይፈታዋል» አለኝ። ከመቀበሉ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበር? የቪክራምን ዝሆን ቫርኒሽ በሽቦ ፈግፍጌ፣ ሶዳውን በካርቶን እየገዛሁ፣ ጠዋትና ማታ እንደ ገንፎ አማሰልኩት።

የደመራ ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ቆሜ እሳቱ ሲያያዝ አየሁ። ሰው እልል ይላል። አንድ ሕንዳዊ መጥቶ እሳት የማይበላው ደመራ ቢሸጥልን፣ በማግስቱም «በመጋዝ ልቆራርጥላችሁ?» ቢለን ምን እናደርገው እንደነበር አሰብኩ። በዱላ ነበር የምንሸኘው። ይህን አጠገቤ ለቆሙት ለጋሽ መኮንን ነገርኳቸው።

«መስቀልን ከዝሆን ጋር!» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል ዝሆኑ ሟሟ። መጨረሻ የሄደው ሆዱ ነው። ውሃውን እንደተባልኩት ከሱቁ ጀርባ ካለችው ዛፍ ሥር አፈሰስኩና ቪዲዮ ቀርጬ ለቪክራም ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ፦ «እናቴ አየችው። አመስግናለች። ቁልፉን ሰኞ ለቬፑ ልጅ ስጠው።»

ደወልኩ። አላነሳም።

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አሮጊቷ እውነታቸውን ነው፤ ብቻ እውነታቸውን ስለሆነ አልወደድኳቸውም። ቪክራም ያደረገውን እኔም በሱ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር፤ እሱን ደግሞ ለዚህ ነው የማልወደው። አሁን ዕቃዬን ከመኪናዬ ኋላ እሸጣለሁ። የተመለሱት ዝሆኖች በወር የምከፍልበት የዕቃ ማከማቻ፣ ስቶሬጅ ውስጥ ናቸው። ላጠፋቸው አንድ ቀን መዶሻ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አንዱንም ሳልነካ መዶሻውን ይዤ ተመለስኩ።

ገንዘቡ ወጥቷል። ሱቁ የለም። በእጅ ያለ፣ አሥራ ዘጠኝ ዝሆን።