ዳንግላ ልገዛው የወጣሁት ቅል

ከቆሰበር የወጣሁት ሊነጋ ሲል ነው። ጉሙ ወርዶ የደጃችን ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም ነበር። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ዳንግላ ገበያ ውዬ እመለሳለሁ» ብያት ነበርና አምናኝ፣ «እንግዲያው የወተት ቅል ግዢልኝ፤ የኛው ተሰንጥቋል። አፉ ጠማማ እንዳይሆን» አለችኝ። ሚኒባሱ ዳንግላ ሲደርስ አልወረድኩም።

ይኸው አራት ዓመቴ። ሙስካት የሰው ቤት ሠርቼ፣ ዘንድሮ እዚያው ኦማን ወዳለችው ሰላላ መጣሁ። እዚህ ክረምት ላይ እንደኛው ጉም ይወርዳል፣ ካፊያ ይጥላል፤ ግን ጉሙ ይሞቃል። እናቴ ከወጣሁ ወዲህ አላናገረችኝም ነበር። እህቴ ይታይሽ ስልኩን ስታቀብላት፣ «እኔ አረብ አገር ልጅ የለኝም። ዳንግላ የላክኋት አለች፣ ገና አልተመለሰችም» ስትል እሰማ ነበር። መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ስልኩን ስዘጋ አለቅስ ነበር።

ባለፈው አርብ ከመንገድ ዳር ሁለት አረንጓዴ ኮኮናት ገዛሁ። ናርጂል ይሉታል። ሲያቅፉት ገና ከሐረጉ የተቀነጠሰ ቅል ነው። አከፋፈቱን ማንንም አልጠየቅሁም፤ ቅል ስትከፍት ያደገች ልጅ ምን ብላ ትጠይቃለች? አናቱን በቢላ ደበደብኩት፣ ደበደብኩት። አከራዬ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከታች እየጮኹ ወጡ።

«ክፍሉን አከራየሁሽ እንጂ ግድግዳውን አፍርሺ አልኩሽ?»

«ይቅርታ ባባ፣ ናርጂል እየከፈትኩ ነው።»

«ውሃውስ የታለ?»

«ደፋሁት።»

«ደፋሽው?!»

«መራራ መስሎኝ።»

ቅል ሲከፈት መጀመሪያ ውስጡ ነው የሚደፋው፤ ምሬቱ አይቀመስም። ይህን በተሰባበረ ዐረብኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሽማግሌው ግንባራቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ሰው የሚገዛው እኮ ውሃውን ነው!» ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ እኔ በሰው አገር መሳቂያ ሆንኩ።

ሁለተኛውን እሳቸው ከፈቱልኝ። አናቱን በስሱ ላጡት፣ ነጩ ብቅ ሲል ዙሪያውን ነካ ነካ አድርገው ክዳኑን አነሱት። ጠጣሁ። ማር የነካ ጣት የነከሩበት የምንጭ ውሃ ነው። ከዚያ ከልጣጩ ማንኪያ ቀርጸው ሰጡኝ። ውስጡን ስጠርገው ለስላሳ፣ ነጭ፣ ልክ ስልባቦት! በአርብ ጾም የገደፍኩ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ባባ ሲወርዱ ለይታይሽ በቪዲዮ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከጓዳ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ምኑን ነው የደፋችው?»

ከዚያ ፊቷ ስልኩን ሞላው። ሸብታለች። ባዶውን ኮኮናት ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ትንሽ ናት» አለች። «አፏም ጠማማ ነው።»

«እማዬ…»

«ይሁን። ከገበያ ስትመለሺ ይዘሻት ነይ።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ቅሏን መስኮት ላይ አሰጣኋት። እርጥብ ስለነበረች በየቀኑ ትጨማደዳለች። ዛሬ ጠዋት ጎኗ ተሰንጥቆ አገኘሁት። መርፌና ክር ፈልጌ ሰፋኋት፤ እስክመለስ ብቻ ትቆይልኝ።